ከጳጉሜ እስከ ጥር 30፦ በድሬዳዋ የሚጸና የአዲስ ዓመት መንፈሳዊ ሥርዓት

አዲስ ዓመት ሲገባ ብዙ ሰው በአንድ ምሽት ብዙ ነገር ለራሱ ቃል ይገባል፦ ዳዊት መድገም፣ ቁጣን መተው፣ ስልክ መቀነስ፣ ሳያቋርጡ ማስቀደስ። ደመራ ሲለኮስ ግማሹ ተረስቷል። ይህ ከፍላጎት ማነስ የሚመጣ አይመስለንም። ቃሉ ሰዓት፣ ቦታና መጠን ስላልተቆረጠለት ነው። «ዘንድሮ እጸልያለሁ» ያለ ሰው ጠዋት ሲነሳ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል የሚለውን እንደ አዲስ መወሰን አለበት፤ በእንቅልፍ ዓይን የሚወሰን ውሳኔ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ትራስ ያደላል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ እነዚህን ሦስቱን አስቀድሞ ይቆርጣል። ለ2019 ዓ.ም. የተሰላ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀትና በድሬዳዋ የቀን ውሎ ውስጥ እንዲሠራ ታስቦ ተዘጋጅቷል። ሐረር ያላችሁ ሰዓቱን ሳትነኩ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ጳጉሜ ለመመርመሪያ

የ2018 ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፤ እሑድ ገብታ ሐሙስ ትወጣለች። መስከረም 1 ዓርብ ይውላል። 2019 ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜ የምትመጣው በ2019 መጨረሻ ነው።

እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ አንድ ሥራ ብቻ ይኑራችሁ፦ ውሏችሁን መጻፍ። ባለመስመር ወረቀት ውሰዱ፣ ከተነሳችሁበት እስከ ተኛችሁበት ያለውን በየሰዓቱ በሁለት ሦስት ቃል አስፍሩ። «2 ሰዓት፣ ሱቅ መክፈት። 8 ሰዓት፣ ስልክ። 3 ሰዓት ማታ፣ ከባለቤቴ ጋር ክርክር።» ምንም አታሻሽሉ፤ የሚታየው እንደወትሮው ያለው ውሎ መሆን አለበት። ማክሰኞ ማታ ወረቀቱን ይዛችሁ ሦስት ቦታ አክብቡ፦ ማንም የማይፈልጋችሁ ሰዓት፣ ሥራ ፈትታችሁ የምትቀመጡበት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጣ የሚመጣበት ሰዓት። የመጀመሪያው የጸሎት ሰዓታችሁ ይሆናል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሱ ቀደም ብሎ አጭር ጸሎት የሚገባበት ነው።

ማክሰኞ ጳጉሜ 3 የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው። በዕለቱ የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ስለሚታመን ልጆች ሳይቀሩ ይታጠቡበታል። ግቢያችሁ ውስጥ ተጠመቁ። ወደ ደቻቱ አሸዋ ግን ልጆች አይውረዱ፤ የከተማው ሰማይ ጠርቶ እያለ በደጋው የጣለው ዝናብ ወንዙን በአንድ ጊዜ ሊሞላው ይችላል፤ የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ያየ ድሬ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ረቡዕ ጳጉሜ 4 ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። «አባ፣ ምን ልጸልይ?» ብሎ ባዶ እጅ የሚጠይቅ ሰው አጠቃላይ ምክር ያገኛል። «አባ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነፃ ነኝ፣ የማታውን ደግሞ ድካም ይይዘኛል» ያለ ግን ልኩ የተቆረጠ ሥርዓት ይዞ ይወጣል። ስግደት ከተሰጣችሁ ብዛቱንና የማይሰገድባቸውን ቀናት እዚያው ጠይቁ፤ እሑድ፣ በጌታ በዓላት፣ ከቆረቡ በኋላና ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት አይሰገድም። የወገብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ይህን ሳትደብቅ ትናገር። የንስሐ አባት የሌላችሁ ከሆነ ጳጉሜ 4 ቀን አጥቢያችሁ ሄዳችሁ መያዝ የመጀመሪያው ተግባር ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሐሙስ ጳጉሜ 5 ሥርዓቱን ጻፉት። ከአንድ ፖስትካርድ በማይበልጥ ወረቀት ላይ ይግባ፤ ካልገባ በዝቷል ማለት ነው።

የምርቃና ሰዓት ውሳኔ

ይህን ለብቻው ማንሳት ያስፈለገው በድሬና በሐረር ብዙ ዕቅድ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ፣ በርጫ ላይ ስለሆነ ነው። በምርቃና ሰው ቅን ነው፤ ይቅር ይላል፣ ገዳም ልሂድ ይላል፣ ለደሃ ቤት ልሥራ ይላል። ሐሳቡ ከልቡ ነው። ነገር ግን ያን ሰዓት የሚሰማው ጉልበት ከቅጠሉ የመጣ ስለሆነ መጠን አያውቅም፤ በማግስቱ በዱካክ የሚነሳው ሰው የዚያን ሰዓት ዕቅድ መሸከም አይችልም። ስለዚህ የዓመቱን ሥርዓት ሆድ ምግብ በቀመሰበት፣ አፍ ጫት ባልያዘበት ሰዓት ጻፉ። ለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት እንቅልፍ ላይ ነው። ካቲኖን የተባለው የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍን ይገፋል፤ አመሻሽ ላይ የተቃመ ጫት እስከ ሌሊት 7 ሰዓት ሳያስተኛ ያቆያል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የተያዘው ጸሎትም በመጀመሪያው ሳምንት ይወድቃል። ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣው መጠጥ፣ ከታከለበት ጭራሽ አይነሳም። ብዙ የንስሐ አባቶች ጫትን ፈጽሞ ይከለክላሉ፤ እኛም መተው ይሻላል ባዮች ነን። በአንድ ጊዜ መተው ያቃተው ግን ከረቡዕና ከዓርብ ይጀምር። ጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት አፍ ምንም ስለማይነካ የበርጫው መጀመሪያ በራሱ ይሰበራል፤ ሁለቱን ቀን ሙሉ ለሙሉ ነፃ ካደረገ በሳምንት ሁለት ሌሊት ጤናማ እንቅልፍ ያገኛል። ከዚያ በሌሎቹ ቀናት ከ10 ሰዓት በኋላ ቅጠል እንዳይነካ ይቁረጥ። በጥቅምት መጨረሻ ልዩነቱ ጠዋት ላይ ይታያል።

ጠዋት

በድሬ ጠዋት ከቀኑ ሁሉ ቀዝቃዛው ሰዓት ነው፤ ከ3 ሰዓት በኋላ የሚጀምር ጸሎት ከሙቀቱ ጋር ሲታገል ይውላል። የሱብሒ አዛን በክርስቲያኑም ቤት ይሰማልና የማንቂያ ስልክ ሳያስፈልጋችሁ መነሳት ትችላላችሁ። ስልክ በሌላ ክፍል ይደር። ማንቂያው ስልኩ ላይ ከሆነ ሊያጠፉት ያነሱት እጅ መልእክት ሳይከፍት አይመልሰውም።

ቤት ጠባብ ከሆነ ወደ ምሥራቅ የሚያይ አንድ ጥግ ምረጡ፤ አንድ ሰው የሚቆምበት ስፋት ይበቃል። ጧፍ የምታበሩ ከሆነ በብረት ሳህን ላይ አድርጋችሁ ቬንትሌተሩን አጥፉ፤ መጋረጃ ወደ እሳት የሚገፋው እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ፊት መታጠብ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ማማተብ። አፍ ሳይከፍቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ መቆም፤ ይህችን ደቂቃ አትዝለሏት፣ ልብ ሰውነትን የሚደርስበት በሷ ነው። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ መዝሙረ ዳዊት፣ በመጨረሻም 41 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። ከመፈጸማችሁ በፊት በዚያ ቀን የምታገኙትን አንድ ሰው በስም ጥሩ፤ በተለይ የሚከብዳችሁን። ሁሉም በ15 ደቂቃ ያልቃል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውዳሴ ማርያሙን ትታችሁ በ7 ደቂቃ ብትወሰኑ ይሻላል፤ መስከረም 15 ላይ ሳይጎድል የቆመ 7 ደቂቃ ካላችሁ ያኔ ጨምሩ።

አንድ መዝሙር በቀን ያልነው በምክንያት ነው። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ አምስት ወር ደግሞ 150 ቀን። መስከረም 1 የጀመረ ጥር 30 ይፈጽማል፤ ምልክት ማድረጊያም አያስፈልገውም፦ በመስከረም መዝሙሩ ቀኑ ራሱ ነው፤ በጥቅምት ቀኑ ላይ 30 ደምሩ፣ በኅዳር 60፣ በታኅሣሥ 90፣ በጥር 120። መስከረም 22 «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ይደርሳል። ጥቅምት 20 ንስሐ የሚገባበት 50ኛው። «ወትባርክ አክሊለ ዓመተ ምሕረትከ» የሚለው የአዲስ ዓመት ቃል ያለበት 64ኛው ኅዳር 4 ላይ ይመጣል፤ ይህን መስከረም 1 ቀንም ደርባችሁ አንብቡት።

ሁለት ቦታ ተጠንቀቁ። ኅዳር 17 የሚደርሰው 77ኛው ረጅም ነው፤ የዚያን ቀን 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ተነሱ። ከሁሉ የሚረዝመው 118ኛው ደግሞ በትክክል ታኅሣሥ 28፣ በገና ዋዜማ ላይ ያርፋል። በዋዜማ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያድር ሰው በአንድ ትንፋሽ አይዘልቀውም። 22 ክፍል ስላለው ከታኅሣሥ 18 ጀምራችሁ ከዕለቱ መዝሙር ጋር ሁለት ሁለት ክፍል ብታነቡ በ28 ያልቃል። በነዚያ ቀናት የሚደርሱት አብዛኞቹ መዝሙሮች አጫጭር ናቸው፤ 116ኛው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቡ የምትወጡም አትቸገሩም፤ የዕለቱ 109ኛው ነው፣ በመንገድ በቃል ሊባል ይችላል።

የምታነቡት ከዳዊት ሳይሆን ከመጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ ቁጥሩን አስተያዩ። ከ10ኛው ጀምሮ አብዛኛው የዳዊት ቁጥር በአንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ እትሞች ካለው በአንድ ያንሳል፤ የዳዊቱ 50ኛ እዚያ 51ኛ፣ 118ኛው 119ኛ ተብሎ ይገኛል። አንዱን መርጣችሁ በሱ ጽኑ።

የሚያሰናክሉት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ያመለጠን ለማካካስ መሞከር ነው። ሦስት ቀን ያመለጠው ሰው በአራተኛው አራት መዝሙር ሊያነብ ይነሳል፤ ያቅተዋል፣ አምስተኛው ቀን ላይ አምስት ይሆንበታል፣ ከዚያ መጽሐፉን ይሸሻል። ያመለጣችሁን ተዉት። የዛሬውን ቀን ቁጥር አንብቡ፤ ቅዳሜ ጊዜ ከተረፈ ያለፈውን ትመለሱበታላችሁ። ሁለተኛው ጥድፊያ ነው፤ ዓይን እየሮጠ ልብ ገበያ ይደርሳል። ቆማችሁ፣ ከንፈር እያንቀሳቀሳችሁ፣ ለራሳችሁ በሚሰማ ድምፅ አንብቡ። በግዕዝ የምትደግሙ በሳምንት አንድ ቀን ያንኑ በአማርኛ አንብቡት። ሦስተኛው የቤት ሰው ነው፦ ሥርዓቱን ሳትነግሯቸው የጀመራችሁ እንደሆነ በ11 ሰዓት ተኩል ሕፃን ያቀብሏችኋል። ጳጉሜ 5 ማታ ንገሯቸው፤ በምላሹ ለነሱ የምትሰጡትን ግማሽ ሰዓትም አብራችሁ ተናገሩ።

ቀን

ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ቀትርና ተሰዓት በሥራ ሰዓት ይመጣሉ። ለሥራ ሰው አንድ አቡነ ዘበሰማያት በ6 ሰዓት፣ አንድ በ9 ሰዓት ይበቃል። ከምትሠሩት ነገር ጋር እሰሩት። ቀፊራ ወይም ታይዋን ሱቅ ያለው ለምሳ በሩን ከመዝጋቱ በፊት፣ ባጃጅ የሚነዳ ተራ ላይ ሞተር ሲያጠፋ፣ ቢሮ የሚውል ከወንበሩ ሲነሳ። በወረቀቱ ላይ የቁጣ ሰዓት ብላችሁ ያከበባችሁት ከነዚህ ከአንዱ ጋር ከተቀራረበ ጸሎቱን ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጉት። በድሬ የቁጣ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከሙቀትና ከውኃ ጥም ጋር ይያያዛል፤ ጾም ባልሆነ ቀን አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥታችሁ ጸልዩ።

ረቡዕና ዓርብ፣ ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ

መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ስለሆነ እንቁጣጣሽ የጾም ይሆናል። ከረቡዕና ዓርብ ጾም የሚወጡት ሃምሳው ቀንና በነዚህ ቀናት የዋሉ ገናና ጥምቀት ናቸው። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ቤት ሐሙስ ዶሮ ገዝቶ ዓርብ ጠዋት ጭቅጭቅ ይጀምራል። በጉንም ዶሮውንም ለቅዳሜ መስከረም 2 አድርጉት፤ ለዓርብ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ተልባ ይዘጋጅ፣ ቡናና ዳቦውም አለ። አበባ ይዘው ለሚመጡ ልጆች የሚሰጠውን ዝርዝር ብር ሐሙስ ቀይሩ። ዓመቱን በጾም መጀመር እንደ ጉድለት መታየት የለበትም፤ ሆድ ሳይከብድ የሚቆሙት ቅዳሴ የተሻለ ይሰማል።

በሙቀት መጾም ጥበብ ይፈልጋል። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ውኃውን ከእራት እስከ መኝታ ከፋፍሎ ይጠጣ፤ በአንዴ የተጠጣ ቶሎ ይወጣል። እራት ላይ ጨውና በርበሬ ቀንሱ። ጠንካራ ሥራን ከ4 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ዕቃ የሚሸከም፣ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ሰዓቱን እንዲያሳጥርለት ንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ ስኳር፣ የኩላሊት ሕመም ወይም በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሐኪሙንም ጭምር። ራስ ማዞርና የሽንት መጥቆር ከታየ ጾሙን አቋርጦ ውኃ መጠጣት ነው።

ጾሙ ከምጽዋት ጋር ካልተያያዘ ወጪ ቅነሳ ሆኖ ይቀራል። በሁለቱ ቀን የተረፈውን ገንዘብ ለይታችሁ በአንድ ኪስ ያዙ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትሰጡ ቆም ብላችሁ ፊቱን እዩ፣ ሰላም በሉ፣ መልሱን ጠብቁ። ከደጁ በፊት ግን ግቢያችሁን አስቡ፤ ኪራይ የጠበባት ጎረቤት እያለች ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ማታ

ነቅቶ ለመኖር ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ መያዝ የምትችሉ ከሆነ ይህን ያዙ። 50 ቅጠል ያለው ደብተርና እስክሪብቶ ትራስ አጠገብ አኑሩ። ከመተኛት በፊት ሦስት መስመር ጻፉ፣ ከሦስት አይለፍ።

አንደኛው መስመር ዛሬ የተቀበላችሁትን ይናገራል፦ «ጎረቤት ውኃ ቀድታ ጠበቀችኝ።» ሁለተኛው የበደላችሁትን ነው፤ ጠባይን ሳይሆን ድርጊትን ጻፉ። «ቁጡ ነኝ» ከተባለ ነገ የሚደረግ ነገር የለም፤ «ከምሳ በኋላ ልጄን በሰው ፊት ጮህኩበት» ከተባለ ግን ሦስተኛው መስመር ራሱን ይጽፋል፦ «ጠዋት ሳይወጣ ይቅርታ እለዋለሁ።» ሦስተኛው መስመር ሁልጊዜ ነገ ከ4 ሰዓት በፊት የሚፈጸም ነገር ይሁን።

ደብተሩ በአንድ ወር ውስጥ የሚተወው በአብዛኛው የክስ መዝገብ ስለሚሆን ነው። የበደል መስመር ሦስትና አራት ሲሆን ሰው ማታ ማታ ሊከፍተው ይፈራል። አንድ ብቻ ጻፉ፤ የቀረው ለንስሐ ነው። ሌላው ችግር ሌላ ሰው እንዳያነበው መፍራት ነው፤ ስም አትጻፉ፣ ምልክት ይበቃል።

ወር በገባ በ19 ቀን፣ በገብርኤል፣ የወሩን ገጾች በአንድ ጊዜ አንብቡ። ለድሬ ሰው 19ን ማስታወስ አይከብድም። ደጋግሞ የመጣውን አንድ በደል አስምሩና እሱን ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ጽዋ ማኅበር ያላችሁ የማኅበራችሁን ቀን ውሰዱ፤ ደብተሩ ግን የግል ይሁን።

ግቢ ለሚጋሩ ሙስሊም ጎረቤቶች

የሒጅራው ዓመት በሙሐረም ይገባል፤ በሐረር የዓሹራ ማታ ገንፎ በቅቤ ለጅብ የሚቀርበውም የዓመቱን ዕጣ ከመጠባበቅ ጋር ነው። ይሁንና ትምህርት ቤቱ፣ በጀቱና ኪራዩ የሚታደሰው በዚሁ በክረምት ማብቂያ ላይ በመሆኑ ራስን ለመመርመር፣ ለሙሐሰባ፣ መስከረም ለሙስሊሙም ይመቻል። የማታው ሦስት መስመር እንዳለ ይሠራል፤ ከሱ በኋላ 33 ሱብሐነላህ፣ 33 አልሐምዱሊላህ፣ 34 አላሁ አክበር ብሎ መተኛት። ጠዋት ከሱብሒ በፊት ሁለት ረከዓ ሱና። ለጾም ሰኞና ሐሙስ አሉ፤ ሁለቱ ከከበዱ በጨረቃ ወር 13፣ 14 እና 15። ባለ 604 ገጽ ሙስሐፍ በቀን ሁለት ገጽ ከመስከረም 1 የጀመረ በ302 ቀን፣ ሐምሌ 2 ያኸትማል። ያመለጠውን ስለማካካስ ያልነው እዚህም ይሠራል።

ከጥር 30 በኋላ

ዳዊቱ ሲፈጸም ወዲያው እንደገና አትጀምሩ። ከየካቲት 1 እስከ 14 የጠዋቱን ሰዓት ጠብቃችሁ አቡነ ዘበሰማያትና ውዳሴ ማርያም ብቻ በሉ፤ በነዚህ ሁለት ሳምንታት የአምስቱን ወር ደብተርና የጳጉሜውን ፖስትካርድ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ቅረቡ። ጸንቶ የቆመውን አቆዩ። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልተፈጸመውን ሰርዙ ወይም ግማሹን ቀንሱ። የካቲት 15 ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባል፣ የካቲት 29 ዐቢይ ጾም።

በ2019 የካቲት መግቢያ አካባቢ፣ ጨረቃ እንደታየች፣ ረመዳንም ይጀምራል። በአንድ ግቢ ሁለት ጾም ይገናኛልና ቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ ሱሑር የሚበሰልበት ሰዓት፣ የኪዳን ጸሎት የሚሄድ ሰው በር የሚከፍትበት ሰዓት፣ የጋራ ውኃ የሚቀዳበት ተራ። ቀን ቀን ምሳ የሚያበስል ጭሱ ወደ ጾመኛው በር እንዳይሄድ ምድጃውን ያዙር። መግሪብ ላይ ሳምቡሳ ሲላክላችሁ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ነነዌ ከገባ፣ ምስር ያለበት መሆኑን ጠይቁ፤ የላከችው ጎረቤት ይህን ከእናንተ በፊት አስባው ይሆናል።